ሁለቴ የተቀነሰችው ጥግ

«ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ ነው» የሚለውን በቃሉ የማይወጣ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱን የሚያስረዳን ግን ብዙ አይገኝም። «የጠላት ጠላት ወዳጅ ነው» እየተባለ የሚሰጠው ማስታወሻም ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ እንዲያውም ያሳስታል። ሕጉን በዚህ አባባል የያዘ ልጅ −2 እና −3 ሲደመሩ 5 ነው ቢል ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ መደመርና ማባዛት እንደሚለያዩ አባባሉ አልነገረውም። የዕዳ ምሳሌም ከዚህ ብዙ አይሻልም። የሕንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታ እ.ኤ.አ. በ628 ቁጥሮቹን ሀብትና ዕዳ ብሎ የማባዛቱን ሕግ በትክክል አስቀምጧል፤ ነገር ግን ዕዳ በዕዳ ተባዛ ማለት ምን ማለት ነው? ፈረንሳዊው ደራሲ ስታንዳል በተማሪነቱ ግራ የተጋባው በዚሁ ነበር። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ማሴሬስም በ1758 ባሳተመው መጽሐፍ ኔጋቲቭ ቁጥር ራሱን ችሎ መቆሙን ተቃውሟል። እነዚህን ሰዎች ያስቸገረ ጥያቄ ያነሳ ልጅ «ዝም ብለህ ያዝ» ሊባል አይገባውም።

መልሱ አንድ ካሬ ውስጥ አለ። እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሜትር ከሆነ ቦታ በአንድ ጎን በኩል 2 ሜትር፣ ከእሱ ጋር በሚገናኘው ጎን በኩል 3 ሜትር ለመንገድ ተቆረጠ እንበል። የቀረው 8 በ7፣ ማለትም 56 ካሬ ሜትር ነው። አሁን የተቆረጡትን ለየብቻ እንቀንስ፤ አንዱ 20፣ ሌላው 30 ነው፤ ከ100 ላይ ሲነሱ 50 ይቀራል። 6 ካሬ ሜትር የት ገባ? ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙባት 2 በ3 የሆነች ጥግ ከሁለቱም ጋር ተቆጥራ ሁለት ጊዜ ተቀንሳለች፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ መመለስ አለባት። (10−2)×(10−3) ሲዘረዘር −2 በ−3 ተባዝቶ +6 የሚሰጠው ያችን ጥግ ለመመለስ ነው።

«ይህ የመሬት ልክ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም» የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ለእሱ ሌላ መንገድ አለ። 3 እና −3 ተደምረው ዜሮ ናቸው፤ ዜሮ በ−2 ሲባዛም ዜሮ ነው፤ ስለዚህ −2×(3+(−3)) ዜሮ መሆን አለበት። በቅንፍ ውስጥ ያሉትን እያንዳንዳቸውን የማባዛት ሕግ ይጠበቅ ካልን፣ ከ3 የሚመጣውን −6 የሚያጣፋው ከ−3 የሚመጣ +6 ብቻ ነው። ሕጉ ይጠበቅ ያልነው እኛ መሆናችንን ከተማሪ መደበቅ አያስፈልግም፤ ብንተወው ምን እንደሚበላሽ ግን አብሮ ይነገረው። ሌላው ተቃውሞ የጊዜ ነው፤ ክፍሉ በተጨናነቀበት፣ ፈተናውም ሕጉን ብቻ በሚጠይቅበት ማስረዳት ትርፍ ነገር ይመስላል። ሆኖም ያልገባው ሕግ አልጀብራ ላይ ከመደመር ጋር ሲደባለቅ ያንኑ ትምህርት ደግሞ ማስተማር ይመጣል፤ ካሬዋን ሰሌዳ ላይ መሣል ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። መምህራን ሆይ፣ ሕጉን ከማስጠናታችሁ በፊት ያችን ጥግ አሳዩአቸው።