የብርጭቆ አበባ ማቆሚያ

በገበታ መካከል አበባ ማኖር የሚወድ ሰው ሁለት ችግር ያገኘዋል። ረጅም ማስቀመጫ ቢመርጥ ከማዶ የተቀመጠውን እንግዳ ፊት ይጋርድበታል፤ ዝርግ ሳሕን ቢመርጥ ደግሞ አበባው አልቆም ብሎ ይጋደማል። አበባ ማቆሚያ የተሠራው ስለዚህ ነው። ይኸውም ከወፍራም ብርጭቆ የተሠራ፣ ላዩ በቀዳዳ የተሞላ ድቡልቡል ዕቃ ሲሆን፣ በሳሕኑ መካከል ተቀምጦ የአበባውን ዘንግ በየቀዳዳው ይይዛል። እንግሊዞች «እንቁራሪት» ይሉታል፤ በውኃ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው ይባላል።

ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው መካከል በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ በካምብሪጅ ከተማ የተሠሩት ይገኙበታል። የከተማይቱን ስም የያዘው የብርጭቆ ፋብሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹም የሴት ምስል የቆመባቸውን ማቆሚያዎች ሠራ። መጎናጸፊያ የለበሰችው እመቤት በሁለት ቁመት ትገኛለች፤ ታናሺቱ 8 ኢንች ተኩል ያህል ስትሆን፣ ታላቂቱ ከ13 ኢንች ታልፋለች። አበባው ዙሪያዋን ሲቆም በአትክልት ቦታ መካከል ያለች ትመስላለች። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምስል የሌለውንና በአበባው ሥር ተሰውሮ የሚያገለግለውን እመርጣለሁ።

ፋብሪካው በ1954 ተዘግቶ፣ እንደገና ተከፍቶ፣ በ1958 ፈጽሞ ቆመ። የቅርጽ ማውጫዎቹም በ1960 ኢምፔሪያል ለተባለው የብርጭቆ ኩባንያ ተሸጡ። ስለዚህ ቅርጹን ብቻ አይቶ ዘመኑን መወሰን አይቻልም።

ገዢ ይልቁንም የሚጠነቀቀው ከጉም ነው። ውኃ በብርጭቆ ላይ ብዙ ጊዜ ሲቆይ በውስጡ ያለውን ሶዳ ቀስ በቀስ እየሳበ ያወጣል፤ ገጹም ተበልቶ ይደበዝዛል። ድብዛዜው ከውኃው የቀረ ኖራ ብቻ ከሆነ ኮምጣጤ ያነሣዋል። ብርጭቆው ራሱ ከተበላ ግን ኮምጣጤ ምንም አይረዳም። ይህን የተማርሁት በገንዘቤ ነው። ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ እንደ ጠል የሚያበራ አረንጓዴ ማቆሚያ ገዛሁ። እቤት ወስጄ በሳሙና አጥቤ ባደርቀው፣ ለካ ያበራ የነበረው የተቀባው ዘይት ኖሯል! ከቀዳዳዎቹም የአንዱ ከንፈር ተሸርፏል፤ ጣቴን አዙሬ ዳስሼው ቢሆን ኖሮ እዚያው ባወቅሁት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስገዛ ዕቃው ታጥቦና ደርቆ እንዲታይ እጠይቃለሁ። ካገለገለኝም በኋላ ውኃውን አፍስሼ፣ ቀዳዳዎቹን አድርቄ አስቀምጠዋለሁ። ያ ጉማሙ አረንጓዴ ግን አልተጣለም፤ ጽጌረዳ ሲሞላበት ጉሙን የሚያይ እንግዳ የለም።