ብረቱ ስሙን አይናገርም

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ከመሥሪያ ቤቱ ለአጭር ትምህርት ወደ ጃካርታ ተልኮ ሲመለስ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ዕቃ ይዞ እቤቴ ድረስ መጣ። ጋዜጣውን ሲፈታው ከእንጨት አፎት ውስጥ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ፣ በሁለት ወገን ስለት ያለው ጩቤ ወጣ። «የሦስት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው የመስፍን ጩቤ ነው ብለው ሸጡልኝ፤ የወር ደመወዜን እኩሌታ ከፍዬበታለሁ። አንተ መጻሕፍት አገላባጭ ነህና እውነት ይሁን ሐሰት ንገረኝ» አለኝ። የአንድ ሳምንት ጊዜ ጠየቅሁት። በዚያ ሳምንት ያገኘሁትን ለእርሱ ከነገርሁት በኋላ ለእናንተም ለአንባቢዎቼ ላካፍላችሁ ወደድሁ፤ ከእናንተም መካከል ነገ ለትምህርት ወይም ለሥራ ባሕር ተሻግሮ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ ኪሱን የሚዳብስ አይጠፋምና።

ጩቤው ክሪስ ይባላል። ዋናው አገሩ የኢንዶኔዢያ ደሴት የሆነችው ጃቫ ናት፤ ነገር ግን በባሊ፣ በሱማትራ፣ በማሌዢያ፣ በደቡብ ታይላንድና በደቡብ ፊሊፒንስም ዘመዶች አሉት። እንደ እኛ ጎራዴ ለመቍረጥ ሳይሆን ለመውጋት የተሠራ ነው። በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ዩኔስኮ የኢንዶኔዢያን ክሪስ ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል አንዱ አድርጎ አውጆታል። በእጅ የሚጨበጠውን ብረት «የማይዳሰስ» ማለት ያስገርም ይሆናል። የተከበረው ግን ከብረቱ ጋር የሚኖረው ጥበብ፣ ሥርዓትና ታሪክ ጭምር ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ክሪስን በምን እናውቀዋለን? ብዙ ሰው «በመጠማዘዙ» ይላል፤ ስሕተት ነው። ቀጥ ያሉ ክሪሶች እጅግ ብዙ ናቸው። ዋናው ምልክት ግርጌው ነው። ብረቱ ወደ እጀታው ሲቃረብ በድንገት ይሰፋል፤ ስፋቱም በሁለቱ ወገን እኩል ሳይሆን ወደ አንደኛው ጐን ያደላል። ከሰፊው ግርጌ ሥር ጎንጆ የሚባል ቀጭን ብረት ተጋድሞ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ተሠርቶ የተገጠመ ስለሆነ በአጕሊ መነጽር ስትመለከቱት የመጋጠሚያው መሥመር ይለያል። ከዋናው ብረት ጋር አንድ ሆኖ የተሠራም አለና፣ መሥመሩን ስላጣችሁት ብቻ ሐሰተኛ ነው ብላችሁ አትፍረዱ።

ጠማማ ከሆነ ደግሞ እጥፋቶቹን ቍጠሩ። ሉክ ይባላሉ። ከግርጌው እስከ ጫፉ በሁለቱም ጐን እያፈራረቃችሁ ስትቈጥሩ፣ ድምሩ ለሁለት እኩል የማይካፈል ቍጥር፣ ማለትም 3፣ 5፣ 7 እያለ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 13 ይሆናል። ለሁለት የሚካፈል ቍጥር ከመጣባችሁ ወይ አቈጣጠራችሁ ተሳስቷል፣ ወይም የሠራው ሰው የአገሩን ሥርዓት አያውቅም።

ሦስተኛው ምልክት በብረቱ ገላ ላይ እንደ ውሃ ሞገድ ወይም እንደ እንጨት ጅማት የሚታየው ብርማ ሥዕል ነው። ፓሞር ይሉታል። እምፑ የሚባለው ባለ እጅ ተራውን ብረትና ኒኬል ያለበትን ብረት ደራርቦ በእሳት ያጋጥማል፤ ያጥፋል፤ ይቀጠቅጣል፤ ደግሞ ያጥፋል። በመካከሉም ለስለቱ የሚሆን ጠንካራ ብረት ያስገባል። በመጨረሻ በሎሚ ጭማቂና በአርሴኒክ ሲያጥበው ተራው ብረት ይጠቍራል፣ ኒኬሉ ግን ያበራል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ፕራምባናን ከተባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ አጠገብ የተገኘው ከሰማይ የወደቀ ብረት ወደ ሱራካርታ ቤተ መንግሥት ተወስዶ ለዚሁ ሥራ ውሏል። ሥዕሎቹ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ለምሳሌ አንደኛው «የፈሰሰ ሩዝ» ይባላል፤ የያዘው ሰው ቤት እንጀራ አይጠፋም ይባልለታል።

ሐሰተኛው እዚህ ላይ ይጋለጣል። ለአገር ጐብኚ ተብሎ ከላሜራ የተቈረጠው ክሪስ ሥዕሉ ላዩን በአሲድ የተበላ ብቻ ነው። እውነተኛው ፓሞር ግን የብረቱ ሥጋ ስለሆነ በስለቱ ጠርዝና በግርጌው ጠባብ ጐን ላይ ሳይቀር ድርብርቡ ይከተላችኋል። አዲስ የተሠራው ሁሉ ግን ሐሰተኛ አይደለም። በማዱራ ደሴት በሱመነፕ አውራጃ ዛሬም በአባቶቻቸው መንገድ የሚቀጠቅጡ ባለ እጆች አሉ፤ ሥራቸውም በአዲስነቱ ሊገዛ የሚገባው ነው። ደግሞም አርሴኒክ መርዝ ነውና፣ አሮጌ ክሪስ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፤ ከልጆችም አርቁት።

እጀታውና አፎቱ ስለ አገሩ ይናገራሉ። የመካከለኛው ጃቫ አፎት አፍ ለክብረ በዓል ሲሆን እንደ ጀልባ የተቀለበሰ፣ ለዘወትር ሲሆን ድቡልቡል ያለ ነው። የባሊ ክሪስ ብዙ ጊዜ ተለቅ ይላል፤ እጀታውም የአምላክ ወይም የጋኔን ምስል ሊሆን ይችላል። በማላዮች ዘንድ ደግሞ አጎንብሶ ራሱን ያቀፈ ሰው የሚመስል እጀታ አለ፤ ስሙም «ትኵሳት የያዘው ጃቫዊ» ነው! ነገር ግን ተጠንቀቁ። ባለቤቶች እጀታና አፎት እንደ ልብስ ይለዋውጣሉ። አፎቱ ክሪሱ ኋላ የት እንደ ተያዘ ሊነግራችሁ ይችላል፤ የት እንደ ተቀጠቀጠ ግን ላያውቅ ይችላል።

ዕድሜውንስ? ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ክሪስ ጥንታዊ ለመሆኑ ጥርጥር የለም። በላው ተራራ ጥግ ባለው፣ በ15ኛው መቶ ዓመት በተሠራው የሱኩህ ቤተ መቅደስ ድንጋይ ላይ ክሪስ ሲቀጠቀጥ ተቀርጾ ይታያል። የተለየውን አንድ ክሪስ አንሥቶ «ይህ የዚህ ዘመን ነው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ባለ እጁ እንደ ልማዱ ስሙንም ዓመቱንም አይጽፍበትም። ብረቱ በየጊዜው በሎሚ እየታጠበ ሲሳሳ ያረጃል፤ ይሁንና አንድ ተንኰለኛ ነጋዴም በአሲድ በአንድ ሌሊት ያስረጀዋል። ስለዚህ ዐዋቂዎቹም እንኳ ዘመን ሲመድቡ አስተያየት ይሰጣሉ እንጂ አይምሉም።

ብረት ብቻውን ምን ያህል ድዳ እንደ ሆነ የልዑል ዲፖኔጎሮ ክሪስ ታሪክ ያሳያል። ዲፖኔጎሮ የዮግያካርታ ሱልጣን የበኵር ልጅ ነበር። ከ1825 እስከ 1830 በሆላንዶች ላይ ጦርነት አንሥቶ ወደ 200,000 የሚደርስ የጃቫ ሕዝብ ካለቀ በኋላ፣ ማርች 28 ቀን 1830 ለንግግር ወደ ማገላንግ እንደ መጣ ተያዘ። በግዞት ሳለም በ1855 በማካሳር ዐረፈ። ክሪሱ ክሌረንስ በተባለ ኮሎኔል እጅ ገብቶ፣ በ1831 ለሆላንድ ንጉሥ ለቀዳማዊ ቪለም ተበረከተ። ከንጉሡ የብርቅ ዕቃ ቤትም በ1883 ወደ ላይደን ቤተ መዘክር ተዛወረ።

ከዚያ በኋላ ክሪሱ ጠፋ። በ1970ዎቹ ሆላንድ የዲፖኔጎሮን ኮርቻ፣ ጃንጥላና ጦር ስትመልስ ክሪሱ ሊገኝ አልቻለም። ሌባ አልወሰደውም፤ እሳትም አልበላው። በዚያው ቤተ መዘክር መጋዘን ውስጥ ከብዙ ክሪሶች መካከል ተቀምጦ ነበር። የጠፋው ክሪሱን ከስሙ ጋር የሚያገናኘው ወረቀት ነው። በመዝገብ ቤት የምትሠሩ አንባቢዎቼ ይህን ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ቍጥሩ የጠፋበት ፋይል በመደርደሪያው ላይ እያለ የለም።

በመጨረሻ የተገኘውም በወረቀት ነው። የ1831 ደብዳቤ፣ የዲፖኔጎሮ የጦር አዛዥ የነበረው ሰንቶት ክሪሱ ለኮሎኔሉ ሲሰጥ ማየቱን በጃቫ ጽሕፈት የመሰከረበት ጽሑፍ፣ እንዲሁም ዝነኛው ሠዓሊ ራደን ሳሌህ ስለ ስሙ ትርጕም ያሰፈረው ማስታወሻ ተገናዘቡ። በማርች 2020 ክሪሱ ለኢንዶኔዢያ ተመለሰ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። የጽሑፎቹ ስም «ናጋ ሲሉማን»፣ ማለትም የሚሰወር እባብ ነው። በዚህ ስም በሚጠራው ቅርጽ የእባቡ ራስ በግርጌው ላይ ወጥቶ ገላው በብረቱ ውስጥ ይጠፋል። የተመለሰው ክሪስ እባብ ግን ገላው በብረቱ ላይ ይታያል በማለት አንዳንድ የኢንዶኔዢያ ዐዋቂዎች ተጠራጠሩ። ሌሎችም የአንድ ክሪስ የማዕረግ ስምና የቅርጹ ስም የግድ አንድ መሆን የለባቸውም ብለው መለሱ። የአንድ ሕዝብ ጀግና መሣሪያ እንኳ ከታሪኩ ጥቂት ጊዜ ቢለይ ሊቃውንትን እንዲህ ያከራክራል።

ስለዚህ ክሪስም ሆነ ሌላ ጥንታዊ መሣሪያ የምትሰበስቡ ሁሉ ምክሬ አጭር ነው። በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት፤ ፓሞሩ ይጠፋል። አፎቱና እጀታው ለዐይን ስላላማሩ አትለውጧቸው። ከዝሆን ጥርስ የተሠራ እጀታ ካለው ድንበር ሲያሻግሩት ሊያስወርስና ሊያስከስስ እንደሚችል ዕወቁ። በእርግጥ ጥንታዊ ከሆነ ከአገሩ ሳይወጣ ሕጉን ጠይቁ፤ ኢንዶኔዢያ በ2010 ያወጣችው የቅርስ ሕግ ያለ ፈቃድ ማውጣትን ይከለክላል። ሻጩንም ከማን ቤት እንደ ወጣ ጠይቁት። በጃቫ ክሪስ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ አደራ ነው፤ ሱራ በሚባለው ወር በሥርዓት ይታጠባል፤ ያለ ምክንያት ከቤት አይወጣም። መልሱንም በዚያው ቀን ጻፉት።

ወዳጄ በሳምንቱ ሲመጣ የክሪሱን ጠባብ ጐን በመነጽር አሳየሁት። ድርብርብ የለውም፤ ሥዕሉ ከላይ ተበልቶ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይቆማል። እጥፋቶቹን ሁለት ጊዜ ቈጠርናቸው፤ ሁለት ጊዜም ስምንት ሆኑ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «እንግዲያው ልጣለው?» አለኝ። «አትጣለው፤ ካርድ አምጣ» አልሁትና በገዛ እጁ አስጻፍሁት፦ «ከጃካርታ ገበያ የተገዛ፤ ሻጩ የሦስት መቶ ዓመት ነው ብሏል፤ ገዢው አምኖ ነበር።» የገዛበትን ቀንና የከፈለውን ገንዘብም ጨመረበት። ካርዱን በክር ከአፎቱ ላይ አሰረው። ዛሬ ያ ክሪስ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እንግዳ በጠየቀ ቍጥርም ወዳጄ ካርዱን ራሱ ያነብለታል።