ድምፅ ገዝታችሁ ፍሬን አትሽጡ!

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ ለዲኤክሴ የሬስ ካምሻፍት ላስገባ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ልጆች ናቸው። ሳምንቱን በታክሲና በሰርቪስ ይመላለሳሉ፤ እሁድ ሲደርስ አሮጌዋን ኮሮላ አጥበውና አብርተው ወደ ሆለታ ወይም ወደ ጫንጮ ይወጣሉ። ጥሩ ሱስ ነው፤ ከስንቱ ሱስ ይሻላል።

ለእያንዳንዱ መመለስ ስላቃተኝ መልሴን እዚሁ ልጻፈው። የሬሱን ተዉት። መቀየራችሁ ካልቀረ ለስላሳውን ውሰዱ። ከዚያ በፊት ደግሞ መኪናችሁ ካም ሳይቀየርላት ምን ያህል እንደምትሄድ እወቁ።

አንዳንዶቻችሁ እንደምትናደዱ አውቃለሁ። ተናደዱ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ክፍል ውስጥ ያልኳችሁን ላስታውስ። ክራንክሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ይዞራል። ሥራው ቫልቮቹን መክፈትና መዝጋት ነው። ሦስት ነገር ይወስናል፦ ቫልቩ ስንት ሚሊሜትር ይከፈታል፣ ለስንት ዲግሪ ክፍት ይቆያል፣ የመግቢያውና የመውጫው ቫልቭ አንድ ላይ ክፍት የሚሆኑበት ጊዜስ ምን ያህል ነው። «የሬስ ካም» የሚባለው ቫልቩን ረጅም ጊዜ ክፍት አድርጎ ያቆያል። ሞተሩ በ6,000 ዙር ሲጮህ ይህ ጥሩ ነው። በ1,500 ዙር ግን የመግቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ስለሚዘጋ ፒስቶኑ የሳበውን ነዳጅና አየር መልሶ ወደ ማኒፎልዱ ይገፋዋል። የተቃጠለው ጭስም ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል። ያ የምትወዱት የ«ዱብ ዱብ» ድምፅ እኮ ሌላ ምንም አይደለም፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር በደንብ አልነድ እያለ የሚያሰማው ስሞታ ነው።

«አሜሪካ ያሉት ያስገቡ የለ እንዴ?» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ያስገባሉ። የምታዩት ካማሮ 5.7 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደር ሊሆን ይችላል። ከታች ያለው ጉልበቱ ሩቡ ቢቀነስበት እንኳ የሚተርፈው የናንተን መኪና ሦስት እጥፍ ነው። የናንተ ፎርኬ ሞተር 1,290 ሲሲ ነው፤ የሚቀነስለት ትርፍ የለውም። ደግሞም እዚያም ቢሆን አዋቂው ባለመኪና ለመዝናኛ መኪናው ለስላሳውን ነው የሚመርጠው። ቪዲዮ የሚሠራበት ግን ሌላው ነው፣ ስለሚጮህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ከፍታ። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሱሉልታ 2,700 ሜትር አካባቢ። «ከፍተኛ ከተማ» ተብላ የምትታወቀው ዴንቨር እንኳ 1,609 ሜትር ላይ ነው ያለችው፤ ሰበታ በ700 ሜትር ትበልጣታለች። የአየሩ ግፊት ሰበታ ላይ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፣ ሱሉልታ ላይ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ 1,290 ሲሲ ብላችሁ የገዛችሁት ሞተር እኛ ጋ ሲመጣ የሚስበው አየር ባሕር ዳርቻ ያለ የ1,000 ሲሲ ሞተር ያህል ብቻ ነው። በዚህ ላይ የሳበውን መልሶ የሚተፋ ካም ስታስገቡበት ምን ይቀረዋል? ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚያወጣው ዳገት ላይ የአይሱዙ ጅራት ተከትላችሁ በአንደኛ ማርሽ ስታለቅሱ መልሱን ታገኙታላችሁ። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ካሙን ማሳጠር እንጂ ማስረዘም የለበትም።

ጉልበቱስ ይቅር፤ ቢበዛ መሳቂያ ትሆናላችሁ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ፍሬኑ ነው።

የፍሬን ሰርቮ፣ ያ እግራችንን የሚያግዘው ክብ ቆርቆሮ፣ የሚሠራው ሞተሩ በሚፈጥረው ቫክዩም ነው። ጤነኛ ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ በሚኒሞ ሲዞር ከ18 እስከ 20 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል። ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። እኛ ጋ ሲደርስ ያው ጤነኛ ሞተር 11 ወይ 12 ቢያሳይ ነው። ማለትም ሰርቯችን ገና ካም ሳይነካ ተዳክሟል። ትልቁ ካም ከዚሁ ላይ ደግሞ ሌላ ይቀንሳል። አሜሪካ የተጻፈ ምክር ይህን አይነግራችሁም፤ ጸሐፊው የሚኖረው ሱሉልታ አይደለማ!

በዚህ ላይ የኛን አነዳድ ጨምሩበት። ቤንዚን ለመቆጠብ ቁልቁለቱን በፎሌ የሚለቅ ስንት አለ? በማርሽ ብትወርዱ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፣ ቫክዩምም ይኖራል። በፎሌ ስትለቁ ግን ሞተሩ በሚኒሞ ነው፤ ትልቁ ካም ቫክዩም የሚያሳጣው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ፍሬን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ትረግጣላችሁ፤ አራተኛው ላይ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ይህ ደርሶበት ከፊቱ ካለው ሚኒባስ ጋር ሳይጋጭ የቆመው በሁለት እግሩ ረግጦ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ ነው። ያን ዕለት መንገዱ ላይ ልጆች አልነበሩም። የቡራዩን መንገድ እሁድ ጠዋት የሚያውቅ ሰው ልጅ፣ በግ፣ ባጃጅና ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ምእመን ሁሉ አስፋልቱ ላይ እንደሆነ ያውቃል። የናንተ ድምፅ የነሱን ነፍስ ያህል ዋጋ አለው?

«ታዲያ መኪናችንን እንዳናሻሽል ነው?» አይደለም! አሻሽሉ፣ ግን በቅደም ተከተል።

አንደኛ፣ ኮምፕሬሽን አስለኩ። ቴስታታው የሚያሾልክ ሞተር ላይ ካም መቀየር የተቀደደ ጆንያ ላይ እህል መጨመር ነው። ቫልቭ አስመትሩ፣ ካንዴላ እዩ። ካርቡራተሩ ለቆላ አየር የተመጠነ ከሆነ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጂግለሩን ለከፍታችን አስተካክሉ። ማቀጣጠያውንም በአዋቂ እጅ ትንሽ አስቀድሙ። ብዙዎቻችሁ «ካም ያስፈልገኛል» የምትሉት ጉልበት እዚሁ ተኝቷል።

ሁለተኛ፣ ካም ካላችሁ ለስላሳውን። አምራቹ በሚጽፈው ዲግሪ እኔ ከ265 በላይ አልሄድም። ሁለት ካም ስታወዳድሩ ደግሞ ሁለቱም ቫልቩ በተመሳሳይ ከፍታ፣ ለምሳሌ አንድ ሚሊሜትር ላይ፣ የተለኩ መሆናቸውን ጠይቁ፤ አለዚያ ቁጥሩ ያታልላችኋል።

ሦስተኛ፣ አዲስ ካም ከአዲስ ታፔት ጋር ነው። አሮጌ ታፔት አዲሱን ካም ይበላዋል። ቫልቩ ፒስቶኑን እንዳይነካ በፕላስቲሊን ለኩ፤ በመግቢያው በኩል 2 ሚሊሜትር፣ በመውጫው 2.5 ሚሊሜትር ክፍተት ይኑር። መጀመሪያ ስታስነሱት በሚኒሞ አትተዉት፤ 20 ደቂቃ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ይዙር።

አራተኛ፣ ከመቀየራችሁ በፊትም በኋላም ቫክዩም ለኩ። ሰርቮውንም ፈትሹ፦ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉ እስኪጠጥር ደጋግማችሁ ርገጡ፣ እንደረገጣችሁ አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ካልወረደ ያቺ መኪና ከግቢ አትውጣ።

አሁን ለጋራዥ ባለሙያዎች፣ ከነሱም ውስጥ ለራሴ ተማሪዎች። አሮጌ ካም በግራይንደር ሞርዳችሁ «የሬስ ነው» ብላችሁ መሸጥ ተዉ! የካሙ ላይኛው ቆዳ ሲነሳ የሚቀረው ለስላሳ ብረት ጥቂት ወር አይቆይም። ልጁ ያመጣው ብር ስንት ወር ቁርሱን ትቶ ያጠራቀመው ነው። «አይሆንም፣ ላንተ መንገድ አይሠራም» ማለትም ሙያ ነው። አንድ ደንበኛ ታጡ ይሆናል፤ ስማችሁ ግን ይተርፋል።

ለውድድር ብቻ የምትወጣ መኪና ያለችው ሰው ትልቁን ካም ያስገባ፤ ከሱ ጋር ጸብ የለኝም። እናታችሁን አስቀምጣችሁ ሰበታ ገበያ የምትወስዱባት መኪና ግን የውድድር መኪና አይደለችም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ሶማሌ ተራ ዛሬ የምታገኙት ሞተር ነገ ዋጋው የት እንደሚደርስ ፈጣሪ ይወቀው። ያለችን አሮጌ ሞተር ለልጆቻችን የምናሳያት ናት። ለአንድ ክረምት ጩኸት አንሠዋት።

የማትስማሙ ካላችሁ ከታች ጻፉ፣ እንከራከር። ግን ባዶ እጃችሁን አትምጡ፤ የቫክዩም ልኬታችሁን ይዛችሁ ኑ።