ማን ጥሎት ማን አገኘው?

የኤፍ ኤም ሙዚቃ አቅራቢዎቻችን አንድ ተረት ለምደዋል። የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ገና አፉን ሲከፍት ድምፁን ዝቅ ያደርጉና ትረካውን ያስከትላሉ፤ ዘመን የረሳው አልበም፣ አሜሪካ ውስጥ ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሙዚቀኛ፣ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ያለ ፈረንጅ፣ ከዚያ ትንሣኤ። ማሳረጊያውም የታወቀ ነው፤ ፈረንጁ ባያገኘው ኖሮ «ቼ በለው» የሚባል አልበም መኖሩንም አናውቅም ነበር ይላሉ። ይህን ብለው እስኪጨርሱ ሙዚቃው አልቋል።

ለመሆኑ አልበሙ የጠፋው መቼ ነው? የጠፋውስ ከማን እጅ ነው?

ተረቱን የሚያፈርሰው ተረቱ ራሱ ነው። «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተባለው አሳታሚ ባለቤት ብራያን ሺምኮዊትዝ የኃይሉን ካሴት ያገኘው ዋሻ ሲያስስ ወይም የገዳም ዕቃ ቤት ሲያስከፍት አይደለም። ባሕር ዳር ላይ ካሴት ቤት ገብቶ ነው። ይኼው ነው። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው፣ ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና ድራም ማሽኑን ይዞ የሠራው «ሸሞንሟናዬ» ነበር። እንግዲህ ከወጣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ የሚሸጥ ካሴት በምን ሒሳብ ጠፍቶ ነበር ይባላል? ባለሱቅ ለቅርስ ጥበቃ ብሎ መደርደሪያ አያጣብብም። የሚገዛ ሰው ስላለ ነው ያስቀመጠው። አሳታሚው እ.ኤ.አ. በ2013 ካሴቱን በድጋሚ ለዓለም ገበያ አቀረበው፤ ጥሩ ሥራ ሠራ፤ ትርፉንም ከባለሙያው ጋር እኩል እንደሚካፈል ይታወቃል፤ ምስጋናውን አይነፈግም። ገዝቶ ያሳተመ ሰው ነው እንጂ ከመቃብር ያወጣ ሰው ግን አይደለም።

«እሱ ስለ ሸሞንሟናዬ ነው፤ ቼ በለውስ?» የሚል አይጠፋም። የዚያማ ይብሳል። በካይፋ ሪከርድስ የታተመው የ1977ቱ (እ.ኤ.አ.) ሸክላ በ2014 ዳግም ከመታተሙ በፊት ሰብሳቢዎች አንዱን ቅጂ በሺህ ዶላሮች ይገዙት ነበር። ማንም የማያውቀውን ሸክላ ማን ዋጋውን ሰቀለው? የአልበሙ ቁንጮ የሆነው የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት» ደግሞ ከዚያ በፊት ባሕር ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ1998 ዘ ዳክታሪስ የተባለ ቡድን «ሶል ኤክስፕሎዥን» በተሰኘው አልበሙ ተጫውቶታል። ቡድኑ ከናይጄሪያ የመጣ እየተባለ ይሸጥ እንጂ ልጆቹ የኒው ዮርክ፣ የብሩክሊን ልጆች ነበሩ። የውሸት ናይጄሪያውያን እንኳ የሚያውቁትን ዜማ ከ16 ዓመት በኋላ «ተገኘ» ብሎ ለሸዋ ሰው ማብሰር ድፍረት ይጠይቃል።

በዚያው በ1977 ፍሊትውድ ማክ የተባለው ባንድ «ሩመርስ» የሚባለውን ለስላሳ የሮክ አልበም አወጣ። ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በ2020 አንድ ሰው በስኬትቦርድ እየተንሸራተተ፣ ጭማቂ በጠርሙስ እየተጎነጨ በቲክቶክ ለቀቀውና «ድሪምስ» የተባለው ዘፈን ከ43 ዓመት በኋላ ተመልሶ የሽያጭ ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ። ዘፈኑን ያን ዕለት የሰማው ወጣት ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ሆኖም ባለ ስኬትቦርዱ አልበሙን ከጥፋት አዳነው ብሎ ያወራ አሜሪካዊ የለም። ልጆቹ አልሰሙትም ነበር፣ ሰሙት፣ አለቀ። የእኛ ሲሆን ግን አንድ ፈረንጅ ሳይሰማው የኖረ ሙዚቃ በሙሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ይህን የሚሉት ፈረንጆቹ ብቻ ቢሆኑ ግድ አልነበረም። ከእነሱ ጋዜጣ ተርጉሞ ለእኛው መልሶ የሚያነብልን የእኛው ሰው መሆኑ ነው የሚያበግነው።

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 ደብረ ብርሃን የተወለደ የሸዋ ልጅ ነው። በአሥር ዓመቱ አዲስ አበባ ገባ፤ በ14 ዓመቱ አኮርዲዮን ራሱን አስተማረ። ተረቱ ግን የሚጀምረው ከደብረ ብርሃን ሳይሆን ከዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ተራ ነው። ከዚህ ከመንዝ፣ ከግሼም ሆነ ከመርሐቤቴ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ የሚነዳ ዘመድ ወይም የዘመድ ዘመድ የሌለው ቤት ስንት ነው? ለእኛ ታክሲ እንጀራ ነው፣ ተአምር አይደለም። ደግሞም ሰውየው ከሙዚቃ አልተለየም። ተሳፋሪ እስኪደርሰው ድረስ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በተራው መሐል የተለማመደውን ሰው ነው «ሙዚቃን ትቶ ነበር» እያሉ የሚያዝኑለት።

አቅራቢዎቹ የሚያልፉት ዋናው ነገር ደግሞ የአልበሙ ዘመን ነው። 1977 በእኛ 1969 እና 1970ን የሚያገናኝ ዓመት ነው፤ ቀይ ሽብር። ሰዓት እላፊ ታውጆ ሰው ገና በምሽቱ ቤቱ የሚገባበት፣ ክለብ የገባ ደግሞ በር ተዘግቶበት እስኪነጋ የሚጨፍርበት ጊዜ። ኃይሉ «ቼ በለው»ን የሠራበት ዋልያስ ባንድ ከመንግሥት የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ውጭ ራሱን ችሎ የቆመ፣ በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት የሠራ ቡድን ነበር። በዚያ ዓመት የዘፋኝ ስም ሽፋኑ ላይ ሳያደርግ፣ መሣሪያውን ፊት አድርጎ ሸክላ ማሳተም ራሱ እብሪት ነው። ኃይሉ በኦርጋን፣ ግርማ በየነ በፒያኖ፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎንና በዋሽንት፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ ማህሙድ አማን በጊታር፣ መላከ ገብሬ በቤዝ፣ ተማረ ሀረጉ በድራም፤ ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎኑን ይዞ ተጨምሯል። «ሙዚቃዊ ስልት»ን የሰማ ያውቀዋል፤ ቤዙ አንዲት ሐረግ ይይዝና አይለቅም፣ ነፋሶቹ ከላይ አንድ ላይ ይመጣሉ፣ ኦርጋኑ በመሐል ዜማውን እየጎተተ እንደ ሰው ያንጎራጉራል። አርእስቱን ደግሞ መንዝ ውስጥ በጥምቀት ፈረስ ጉግስ ያየ ሰው ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። በማግሥቱ ዓመት ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር በግዮን ሆቴል «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ቀዳ። እሱም በ2016 በድጋሚ ሲታተም ያው ተረት ተተረከለት።

እንግዲህ አልበሙ ካልጠፋ የጠፋው ምንድን ነው? የተጫዋቾቹ ስም ነው። ስሙን ያጠፋውም ሌላ ሳይሆን ሬዲዮ ነው። ቃል የሌለውን ሙዚቃ «ክላሲካል» ብሎ ጠቅልሎ፣ የሎተሪ ዕጣ፣ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ፣ የእንቁጣጣሽ መልካም ምኞት ሥር ሲያነጥፈው የኖረው ማን ነው? ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በሚወጣ አውቶቡስ ሾፌሩ ፍላሹን ሰክቶ «ክላሲካል» ሲለቅ ተሳፋሪው ዜማውን በአፍንጫው ያጅባል፤ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም፤ የነገረው የለምና። ዜማው ከጆሮው ለአንድ ቀን አልተለየም። ካሴት ቤቶች እየገለበጡ ሲያራቡት፣ ሰርግ ቤቶች ሲያስከፍቱት፣ ስሙን ብቻ ያስቀረው ማይክ የጨበጠው ሰው ነበር። አሁን ያው ሰው ተነሥቶ «ረስተነው ነበር» ይላል። የረሳችሁትስ እናንተ ናችሁ እንጂ፤ ስሙን እንዳትጠሩ ማን ከለከላችሁ?

ነገሩን የሚያባብሰው ኃይሉ ዝም አለማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። አዲስ ሥራ ናቸው፤ ከአቧራ አልተነሡም፤ ማንም አላገኛቸውም፤ ስለዚህ ለተረቱ አይመቹም። ግርማ በየነም በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አዲስ አልበም ሠርቶ ሲመለስ «የተረሳው ሰው ተገኘ» የሚለው መዝሙር ቃሉ እንኳ ሳይቀየር ተዘመረለት። ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ አሜሪካ ሲሄድ ከኃይሉና ከግርማ ጋር እዚያው የቀሩ፣ በኋላም ከኃይሉ ጋር ዙላ ባንድን የመሠረቱ ናቸው። እነሱን ያገኘ ፈረንጅ ስለሌለ በተረቱ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አልደረሳቸውም።