ላልጸዳ ሞተር አዲስ ሲል

በምዕራብ ጎጃም ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አስፋልትና ከዚያ ወደየገጠሩ በሚገቡት የጠጠር መንገዶች ላይ የሚሠሩ አሮጌ ፒካፖች አንድ የጋራ ምልክት አላቸው፤ በቆሙበት ሥር ጥቁር የዘይት ጠብታ ይተዋሉ። ባለቤቱ ጋራዥ ገብቶ የሚያሰማው አቤቱታም ያው ነው፦ «ዘይት ያፈሳል፣ ሲሉን ቀይርልኝ።» መካኒኩም ይቀይራል። ጥቂት ወራት አልፈው መኪናው በዚያው ቦታ ወይም ከጎኑ ማፍሰስ ሲጀምር ጥፋቱ በዕቃው ይሳበባል። ዕቃው በእርግጥ መናኛ ሊሆን ይችላል፤ በገበያው መናኛ ዕቃ አልጠፋም። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ዘይቱን ከሚያግደው ላስቲክ፣ ከሲሉ፣ ይቀድማል፤ ሞተሩ ውስጥ ለዓመታት የተጋገረው ዝቃጭ ነው። ስለዚህ ውስጡ ላልጸዳ ሞተር አዲስ ሲል መግጠም ከንቱ ወጪ ነው እላለሁ። ማጽዳቱና ሲል መቀየሩ አንድ ሥራ ናቸው፤ ተነጣጥለው ሲሠሩ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ነገሩ ለጋዜጣ የሚበቃ አይመስል ይሆናል። ግን ይህች አሮጌ ፒካፕ በቀላሉ የምትተካበት ዘመን አልፏል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ በዕድሜያቸው ልክ ከበድ ያለ ግብር ጫነ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ፣ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ አብሮ ተሰቀለ። የወምበርማን በቆሎና የቡሬን በርበሬ ወደ ገበያ የሚያደርሰው፣ ነፍሰ ጡሯንም ከቀበሌ ወደ ሆስፒታል የሚያመጣው ግን አሁንም ያው የ20 እና የ30 ዓመት ቶዮታ ነው። ሞተሩ ቢሞት ወጪውን የሚከፍለው ባለቤቱ ብቻ አይደለም።

ዝቃጩ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ መድኃኒቱም አይታወቅም። የናፍጣ ሞተር ዘይት በገባ በቀናት ውስጥ መጥቆሩ ክፋት የለውም፤ እንዲያውም ዘይቱ ሥራውን እየሠራ ለመሆኑ ማስረጃ ነው። በውስጡ ያሉት ኬሚካሎች ጥላሸቱን በታትነው ተንሳፋፊ አድርገው ይይዙታል። እነዚህ ኬሚካሎች ሲያልቁ ግን ጥላሸቱ እርስ በርሱ ይያያዝና እንደ ጠላ አተላ ወደ ታች ይዘቅጣል። የምዕራብ ጎጃም ጠባይ ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቡሬ ከ2,000 ሜትር በላይ። አየሩ ከጅቡቲ ወደብ አየር በስድስት እጅ አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። እንደ ቶዮታው ባለ 2.8 ሊትር ስሪ ኤል ያለ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ የሚስበው አየር ሲያንስ ናፍጣው በወጉ አይቃጠልም፤ ጥቁሩ ጥላሸት ከፊሉ በጭስ ማውጫው ሲወጣ ከፊሉ በፒስቶኑ ቀለበቶች፣ በፋሻዎቹ፣ በኩል አልፎ ወደ ዘይቱ ይገባል። 1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይፈጠራል፤ አብዛኛው በእንፋሎት መልክ በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ጥቂቱ ግን ወደ ታች ይሾልካል። ሞተሩ በሚገባ ሳይሞቅ ከገበያ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ገበያ ሲመላለስ የሚውል ከሆነ ይህ ውሃ አይተንም። በናፍጣው ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይሆናል። የበጋው አቧራ ሲጨመርበት አተላው ይደነድናል።

የአነዳድና የአያያዝ ልማዳችንም ከዚህ አይሻልም። የሚያፈስ ሞተር ባለቤቱን ያታልለዋል። በየሳምንቱ አንድ ሊትር ስለሚጨምርበት ዘይቱ ዘወትር አዲስ እንደሆነ ይቆጥራል፤ ስለዚህ አጠቃላይ መቀየሩን ይተወዋል። ጠብታው የሚወስደው ግን ዘይቱን እንጂ የዘቀጠውን አይደለም። ዝቃጩ ከሞተሩ ሥር፣ መካኒኮች ኮፓ በሚሉት የዘይት መያዣ ተኝቶ ይቀራል፤ ፊልትሮውም ከሞላ ቆይቷል። ለአቧራና ለጭነት በተዳረገ የናፍጣ ፒካፕ ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት የሚለው የድሮ ደንብ ቅንጦት ተደርጎ ይታያል። በዚህ አገር ከፍታና መንገድ ግን እንዲያውም ዝቅተኛው ልክ ነው።

አሁን ወደ ሲሉ እንመለስ። ከፋሻው ያመለጠው ጋዝ ከሞተሩ ሆድ የሚወጣበት አንድ ደህና መንገድ አለው፤ ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው፣ ክዳን ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደው የመተንፈሻ ቱቦ። ክዳኑ ውስጥ ያለው የዘይት መለያ ቆርቆሮና ቱቦው በአተላ ሲደፈኑ ጋዙ መውጫ ያጣል፤ ግፊቱ ይጨምርና ደካማውን ቦታ ይፈልጋል። ደካማው ቦታ የሲሉ ከንፈር ነው። አዲስም ቢሆን ከውስጥ እየተገፋ ዘይቱን ያሳልፋል። በሌላ በኩል ከቴስታታው ወደ ኮፓው ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ሲጠቡ ዘይቱ ከላይ ይጠራቀማል፤ የክዳኑን ጋስኬት አልፎ በሞተሩ ጎን ይወርዳል፤ በቫልቮቹ ግንድ በኩል ወደ ማቃጠያው ገብቶም ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ ጭስ ይሆናል። ያረጀው ዘይት በሙቀቱና በአሲዱ የሲሉን ላስቲክ እንደሚያደርቀው ሲታከልበት፣ ማፍሰሱ የዝቃጩ ልጅ እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል። የባሰው ግን የማይታየው ነው፤ የዘይት ፓምፑ የሚስብበት ወንፊት ሲደፈን ኮፓው ሙሉ ሆኖ ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርባቸው ብሮንዚኖች በጥም ይነዳሉ።

ይህ ሁሉ የጥቂት ጠብታ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ችላ ማለት ይቻል ነበር። የቶዮታዎቹ ቱ ኤል፣ ስሪ ኤል እና ፋይቭ ኤል ሞተሮች ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሱት በላስቲክ የታይሚንግ ቺንጋ ነው፤ ፋብሪካው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲቀየር በዳሽቦርዱ ላይ ሳይቀር ማስጠንቀቂያ መብራት አድርጎለታል። የፊተኛው የክራንክ ሻፍት ወይም የካምሻፍት ሲል ሲያፈስ ዘይቱ የሚረጨው በዚሁ ቺንጋ ላይ ነው። በዘይት የራሰ ቺንጋ 100,000ውን አይጠብቅም። ሲበጠስ ፒስቶኑና ቫልቩ ይጋጫሉ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው የሲል ሳይሆን የቴስታታ ነው። ወደ ክራንክ ሻፍቱ የኋላ ሲል ለመድረስ ደግሞ ካምቢዮው መውረድ አለበት። ይህን ሥራ መተንፈሻውን ሳያጸዱ ሠርቶ በዓመቱ እንደገና መድገም ያለው ኪሳራ ለማንም አይሰወርም።

ዝቃጭ የድሃ አገር ወይም የቸልተኛ ሾፌር ችግር ብቻ ነው የሚል ካለ የራሱን የቶዮታን ታሪክ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2002 የተሠሩ አንዳንድ የቶዮታና የሌክሰስ ቤንዚን ሞተሮች አሜሪካ ውስጥ በዝቃጭ ሲበላሹ ኩባንያው መጀመሪያ ጥፋቱን ዘይት በወቅቱ ባልቀየሩ ባለቤቶች ላይ አደረገ። አቤቱታው ሲበዛ እ.ኤ.አ. በ2002 መኪናው ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ እስከ 8 ዓመት የሚደርስ የጥገና ዋስትና ለመስጠት ተገደደ፤ ባለቤቶቹ ያቀረቡት ክስም እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት ሲያልቅ ከ3 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን የሚመለከት ነበር። ከዚህ የምወስደው ባለቤቱ ነጻ ነው የሚለውን አይደለም። አስፋልት መንገድ፣ ንጹህ ነዳጅና በየመንደሩ የዘይት መሸጫ ባለበት አገር እንኳ የሞተሩ አሠራርና የአያያዙ ጉድለት ተደማምረው ሞተሩን ካቆሙት፣ እዚህ ቡሬ ላይ ሞተር ሳይከፈት ሲል ብቻ በመቀየር ይድናል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው ማለቴ ነው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ከራሳቸው ከመካኒኮቹ ይመጣል፦ «አሮጌ ሞተር አትነካካ፤ አንድ ላይ ይዞ ያቆመው አተላው ነው።» ይህ አባባል የሚናቅ አይደለም፤ እውነት አለበት። የደረቀና የተሰነጠቀ ሲል ዙሪያውን በተጋገረ ዝቃጭ ተደፍኖ ሊቆይ ይችላል፤ አጣቢ ኃይል ያለው አዲስ ዘይት ሲገባ ድፍኑ ይሟሟና ትናንት ያላፈሰው ዛሬ ያፈሳል። ነገር ግን አባባሉ የሚያረጋግጠው ማጽዳት መጥፎ መሆኑን ሳይሆን ሲል ሳይቀየር ማጽዳት መጥፎ መሆኑን ነው። ያው አተላ አንድ ቦታ ሲልን ደፍኖ ቢጠቅም፣ ሌላ ቦታ መተንፈሻንና ወንፊትን ደፍኖ ሞተሩን ይገድላል። እዚህ ጠቅሞ እዚያ እንዳይጎዳ ማዘዝ አይቻልም።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ማጽዳቱን ይቀበላል፤ አቋራጩን ግን ይወዳል። ዘይቱን አፍስሶ ናፍጣ ሞልቶ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ማስነሳት። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፤ ከሥር የሚወጣው ጥቁር ፈሳሽም ዓይን ያጠግባል። ናፍጣ ግን ብሮንዚኑን ከክራንክ ሻፍቱ ለይቶ ለመያዝ የሚበቃ ውፍረት የለውም፤ በዚህ ላይ ትልልቁን ግግር ከየጥጉ አላቅቆ የሚያደርሰው ወደዚያው ወንፊት ነው። በትንሹ ለቆሸሸ ሞተር ሊያልፍ ይችላል፤ በእጅጉ ለዘቀጠ ሞተር ግን ሞቱን ማፋጠን ነው። ናፍጣ ጥሩ ማጠቢያ የሚሆነው ሞተሩ ቆሞ፣ የቴስታታው ክዳንና ኮፓው ወርደው፣ ወንፊቱም ተፈትቶ ሲወጣ ነው። አተላው በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ በእጅ ይነሳል፤ የመመለሻ ቀዳዳዎቹ ኮፓው ክፍት ሳለ ከላይ ይጠረጋሉ፣ ቆሻሻው ውስጥ እንዳይቀር ወደ ውጭ እንዲወድቅ። የቀረውን ስስ ሽፋን ዘይቱ ራሱ ቀስ እያለ ያነሳዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዘይትና ፊልትሮ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በፊት መውጣት አለባቸው። ስለ ሲሊኮንም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ መቀባት ጥንካሬ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኮፓው ሲጠብቅ ትርፉ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ተቆርጦ ሲወድቅም ማረፊያው ወንፊቱ ነው። ዝቃጭ ጠርጎ ሲሊኮን መተካት ምን ትርፍ አለው?

«ለምን ያገለገለ ሞተር ገዝቶ አይገላገልም?» የሚልም አለ። የሚገዛው ሞተር ግን ውስጡን ያየው የለም፤ የሌላ አገር ሰው አተላ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ዋጋው ደግሞ በዶላር የተቆረጠ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና እየመጣ ሳለ ለአሮጌ ናፍጣ መጨነቅ ኋላቀርነት ነው የሚለው ክርክር የተሻለ ክብደት አለው። የህዳሴ ግድብ በጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ የዓባይ ምንጭ ግሽ ዓባይም እዚሁ ምዕራብ ጎጃም ሰከላ ውስጥ ነው፤ የኃይሉ ተጠቃሚ መሆን የሚገባው ሕዝብ ይህ ነው። ነገር ግን ጭነት ተሸክማ የሰከላን ዳገት የምትወጣ የኤሌክትሪክ ፒካፕ፣ ኃይል የምትሞላበት ጣቢያና የሚጠግናት ባለሙያ በየወረዳው እስኪገኙ ዓመታት ያልፋሉ። እነዚያን ዓመታት የምንሻገረው ባለን ሞተር ነው። ዘይት እያፈሰሰና ሰማያዊ እያጨሰ የሚሻገር ሞተር ደግሞ ከጸዳው ይልቅ አየሩንም መሬቱንም ይጎዳል። 

ማጽዳትና ሲል መቀየር የማያዋጣው ሞተርም አለ። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጋዙ በኃይል እየተፋ የሚወጣ ከሆነና መተንፈሻው ጸድቶም ካልበረደ፣ ያለቀው ፋሻው ነው፤ ሲልም ጽዳትም አያድነውም፣ ሞተሩ ወርዶ መታደስ አለበት። ይህን ሳይፈትሽ ሥራ የሚጀምር መካኒክ የደንበኛውን ገንዘብ ያባክናል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ እንዳይለመድ የሚያደርገው ዋናው ነገር ግን የክፍያው ሥርዓት ይመስለኛል። በጋራዦቻችን የሚከፈለው ለተቀየረ ዕቃ ነው፤ ማጽዳት «ማጠብ» ይባልና ለረዳቱ ልጅ ይተዋል። የሞተሩን ዕድሜ የሚወስነው ሥራ ከሁሉ ያነሰ ዋጋ ላለው እጅ ይሰጣል ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚደረገው ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራም በዚህ ረገድ ብዙ አይረዳም፤ ሞተሩን ከውጭ አሳጥቦ መቅረብ ለማንም አያስቸግርምና። ለውጡ ከባለቤቱና ከመካኒኩ ውል ይጀምር። የጽዳቱ ዋጋ ከሲሉ ዋጋ ተለይቶ ይነገር፤ ባለቤቱ ኮፓውና ወንፊቱ ከመገጠማቸው በፊት መጥቶ በዓይኑ ይይ፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በፊት የሚደረገው ሁለተኛው የዘይትና የፊልትሮ ቅያሬም በዚያው ውል ውስጥ አስቀድሞ ተከፍሎበት ይግባ።