የቡና ዋጋ በአንድ መስፈሪያ ይነገር

የጌዴኦ ዞን ገበሬ ቀይ እሸት ቡናውን በኪሎ ይሸጣል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋ ግን በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ይነገራል፤ የኒውዮርክ ቡና ገበያ ዋጋ ደግሞ በፓውንድ፣ በ454 ግራም ገደማ። በዚያ ላይ 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል እሸት ያስፈልጋል። ከወናጎ እስከ ገደብ ያለ ገበሬ የተሰጠው ዋጋ ተገቢ መሆኑን ለማወቅ ይህን ሁሉ ማስላት አለበት። ሸክሙ የእሱ ሊሆን አይገባም። የዞኑ አስተዳደርና ዲላ የሚገኘው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የዕለቱን የገበያ ዋጋ ወደ እሸት ኪሎ መንዝረው፣ በየመፈልፈያ ጣቢያው በጌዴኦኛና በአማርኛ ይለጥፉ። ዋጋን ማነጻጸር ያልቻለ ሻጭ መደራደር አይችልም፤ ያለ ድርድርም ፍትሐዊ ገበያ የለም።