የዓረፍተ ነገርን ስም ያወቀ፣ ዓረፍተ ነገር ግን ያጣ ተማሪ

አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ኮምፕሌክስ ሴንተንስ ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤ «አንድ ኢንዲፔንደንት ክሎዝና ቢያንስ አንድ ዲፔንደንት ክሎዝ ያለው ነው» ይላል። ልክ ነው፣ አሥር ከአሥር። ቀጥሎ «ትናንት ስለታመምኩ ትምህርት ቤት አልመጣሁም» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፍ ይባል። እስክሪብቶው ይቆማል።

ይህ የልጁ ስንፍና አይደለም። የተማረውን በትክክል መልሷል። ያቃተው ያላስተማሩት ነው።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ከወሰነ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል። በብዙ ክፍሎች የዓረፍተ ነገር ትምህርት ዛሬም ያው ነው፦ ሲምፕል፣ ኮምፓውንድ፣ ኮምፕሌክስ። ትርጉሙ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ደብተር ላይ ይገለበጣል፣ ለፈተና ይሸመደዳል። የምጣዱን፣ የአክንባሎውንና የማሰሻውን ስም በማስሸምደድ ግን እንጀራ ጋጋሪ አይወጣም። ሊጥ አፍስሶ፣ አበላሽቶ፣ ደግሞ ማፍሰስ ያስፈልጋል።

መምህሩን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ትልቁ ጥፋት የፈተናው ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው፤ ተማሪውን «አንዲት ዓረፍተ ነገር ከራስህ ጻፍ» አይለውም። ከአራቱ አንዱን መምረጥ ብቻ ይበቃዋል። ታዲያ የትኛው መምህር ነው ሰባ ደብተር ተሸክሞ ቤቱ ገብቶ የማይፈተንበትን ነገር ሲያርም የሚያመሸው?

ሁለተኛው ጥፋት የልጁን ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ማባረር ነው። አማርኛ ያወራ ልጅ የሚቀጣባቸው የግል ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ከፍሎ የሚኮራበት ወላጅም አለ። የልጁ ስህተት ከየት እንደሚመጣ ግን ማንም አይጠይቅም። «ኦልዞ ሂ ኢዝ ሪች፣ በት ሂ ኢዝ ኖት ሃፒ» ብሎ የሚጽፍ ልጅ «ምንም እንኳ ሀብታም ቢሆንም፣ ግን ደስተኛ አይደለም» እያለ ነው። አማርኛ «ቢሆንም»ን እና «ግን»ን አብሮ ይሸከማል፤ እንግሊዝኛ «ኦልዞ» ካለ «በት» አይፈልግም። «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት» የሚለውም ልጅ «የገዛሁት» መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» መተርጎሙ ነው። ይህ የደደብ ስህተት አይደለም፤ የሚያስብ ልጅ ስህተት ነው። ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ጽፎ ልዩነቱን የሚያሳየው ሰው ቢያገኝ በአንድ ቀን ይገባዋል።

አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ «ስለ»ንም ከግሱ ጋር አጣብቆ «ስለታመምኩ» ይላል። እንግሊዝኛ «ቢኮዝ»ን ነጥሎ ከፊት ያቆማል፣ ባለቤቱን ያስከትላል፣ ከዚያ ግሱን ያመጣል። አፉን በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የፈታ ልጅም መነሻው የራሱ ቋንቋ ሊሆን ይገባል። ልጁ የሚያውቀውን ቤት ዘግቶ በማያውቀው በር ግባ ማለት ማስተማር አይደለም።

«ሰዋስው ጊዜ ማባከን ነው፤ ልጆች ካርቱን እያዩ ይለምዱታል» የሚሉም አሉ። ካርቱን ንግግር ያስለምድ ይሆናል። ግን ቴሌቪዥን የሌለው ቤት ያደገው ልጅ ምን ይሁን? ደግሞስ የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ በካርቱን እንግሊዝኛ አልተጻፈም። የኒውተን የመጀመሪያ ሕግ የተንጠለጠለው «አንለስ» በምትባል አንዲት ቃል ላይ ነው፤ የቆመ ነገር ኃይል ካላረፈበት በስተቀር እንደቆመ ይኖራል። «አንለስ»ን «ኢፍ» ብሎ ያነበበ ልጅ ሕጉን ገልብጦ ይሸመድደዋል። የወደቀው ግን በፊዚክስ ነው ይባላል።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ስቲቭ ግራሃምና ዶሎረስ ፔሪን በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባወጡት ሪፖርት ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን መርምረዋል። የንግግር ክፍሎችንና የዓረፍተ ነገርን አወቃቀር ለብቻ ነጥሎ ማስተማር የልጆቹን ጽሑፍ አላሻሻለም። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ማገጣጠም ግን አሻሽሏል። እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር ስም መሸምደድ ካልጠቀመ፣ እንግሊዝኛን ክፍል ውስጥ ብቻ ለሚሰማ ልጅ ምን ሊጠቅም ነው?

ለማገጣጠም ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል። መምህሩ «ሂ ዋዝ ሲክ»፣ «ሂ ዌንት ቱ ስኩል» ብሎ ይጽፋል። ተማሪዎቹ ሁለቱን በ«ኦልዞ»፣ በ«በት»፣ በ«ዌን» እየገጣጠሙ ትርጉሙ እንዴት እንደሚለወጥ በራሳቸው ቋንቋ ይናገራሉ። ደብተር ተቀያይረው ይተራረማሉ፤ ሰባ ተማሪ ላለበት ክፍልም ይሆናል። በቀን አሥር ደቂቃ ነው። «ይህ ኮምፕሌክስ ይባላል» የሚለው ስም ልጁ ከሠራው በኋላ ይምጣ። ፈተና አውጪዎችም ጥቂት ነጥብ እንኳ ለጽሕፈት ይመድቡ፤ ያኔ ክፍሉ ራሱ ይለወጣል።

ወላጅም ዛሬ ማታ የልጁን የእንግሊዝኛ ደብተር ይግለጥ። እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልገውም። «ከዚህ ውስጥ ከሰሌዳ ያልገለበጥከው፣ ከራስህ የጻፍከው የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። አንድም ከሌለ፣ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄዶ የሚጠይቀው ጥያቄ አለው ማለት ነው።